ከሦስቱ ባቡሮች የትኛዋ ታምራለች

ዌልስ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ገብረጻድቅ
ጎባ

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤና ላይ ያግኝዎት። ስሜን ሰምተውት አያውቁ ይሆናል። ሩሀማ እባላለሁ፤ የዘነቡ ልጅ፣ የሀብተሚካኤል የልጅ ልጅ ነኝ። እርስዎና አያቴ የአጎትና የአክስት ልጆች እንደነበራችሁ፣ በአዋሽ ቆላ በነበረው የቃጫ እርሻም አንድ ባቡር ላይ አብራችሁ እንደሠራችሁ እናቴ ነግራኛለች። ከዚህ ያለፈ አልነገረችኝም። አድራሻዎን የሰጠኝ ሮቤ የሚያስተምረው የአክስቴ ልጅ ወንዶሰን ነው። ስልክ እንደማይወዱ፣ ደብዳቤ ግን ደጋግመው እንደሚያነቡ ስላጫወተኝ በወረቀት ጻፍኩልዎ።

እኔ የምሠራው በጠባብ ሐዲድ ላይ የሚሄዱ የጥንት የእንፋሎት ባቡሮች በሚጠገኑበት ጋራዥ ነው። ቆርቆሮ እቀጠቅጣለሁ፣ ቀለምም እቀባለሁ። ባቡሮቹ ድሮ ከተራራው የጣሪያ ድንጋይ ያወርዱ ነበር፤ አሁን ጎብኚ ያመላልሳሉ።

የምጠይቅዎ ነገር አለኝ። መጋዘናችን ውስጥ ለብዙ ዓመት የቆሙ ሦስት ሎኮሞቲቮች አሉ። ማደስ የምንችለው አንዷን ብቻ ነው፤ ሁለቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። የምትታደሰው በመግቢያችን ላይ የምትቆም ስለሆነች ከሁሉ ያማረችውን እንድንመርጥ ለሠራተኛው ሁሉ ድምፅ ተሰጥቶናል። ምርጫው የካቲት መጨረሻ ነው። እኔ ቀለሟን እንጂ ሥራዋን አላውቅም። እርስዎ ግን በእጅዎ ያውቋታል። ሦስቱንም ፎቶ አንስቼ ልኬአለሁ፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጥቁር፣ አንዷ አረንጓዴ። የትኛዋ ታምራለች ይላሉ?

አክባሪዎ
ሩሀማ


ጎባ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሀማ

የአባቶቼ አምላክ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ። ደብዳቤሽን ልጄ ፋናዬ ከፖስታ ቤት ይዛልኝ መጣች። የሀብተሚካኤልን ስም በሰው እጅ ተጽፎ ካየሁ ስንት ዘመኔ። ሰማንያ ዓመት ሞልቶኛል፤ ጉልበቴ ደክሟል፤ ዓይኔ ግን በአጉሊ መነጽር ገና ያነባል።

ስለ እኔ ትንሽ ልንገርሽ። የእርሻው ሐዲድ ከተነቀለ በኋላ ወደ ባሌ መጣሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሲናና ላይ የስንዴ ኮምባይነር ስጠግን ኖርኩ። ባለቤቴን እዚሁ ጎባ ቀበርኩ። ፋናዬ ሐኪም ቤት ትሠራለች፤ አብረን ነን። አሁን አጨዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፤ እኔም ፀሐይ ሞቅ እስክትል ከቤት አልወጣም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሦስት ቀን አየኋቸው። ቀይዋ ቀልጣፋ ትመስላለች፤ ሆዷ ክብ፣ ቁመቷ አጭር ነው። ጭስ መውጫዋ ግን ለእሷ የተሠራ አይመስልም፤ በጣም ረዝሞባታል። ራሷ ላይ የሌላ ሰው ባርኔጣ የተጫነባት ትመስላለች። ከጊዜ በኋላ የቀየሩት ይሆናል፤ ጠይቂልኝ።

ጥቁሯ ሌላ ናት። ስታያት አታስደነግጥሽም። ነገር ግን ዘንጎቿ ሁሉ በውጭ ናቸው፤ ዘይት የሚጠጣው ቦታ ሁሉ እጅ ይደርስበታል። የሠራት ሰው ስለሚጠግናት ሰው አስቦ ነው። መንኮራኩሮቿ እኩል በእኩል ተራርቀው ቆመዋል፤ ረጅም ሆና አትጎተትም። ለእኔ እንዲህ ያለው ውበት ይበልጥብኛል። ጎረቤቴ ባዳሳ አይቷት «ይቺ በሬ ናት» አለ፤ እሱ ከበሬ በላይ የሚያመሰግነው ነገር የለም።

እናትሽ ዘነቡ እንዴት ናት? የት ትኖራለች? ስለ አባቷስ ምን ትልሻለች? ይህን ሳትረሺ ጻፊልኝ።

ወዳጅ ዘመድሽ
ገብረጻድቅ


ዌልስ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ገብረጻድቅ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ። ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ስለ ቀይዋ ጭስ መውጫ ያሉት እውነት ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሌላ ባቡር ተወስዶ የተገጠመ ነው። አለቃችን «እኚህ ሰው በፎቶ ብቻ አወቁት?» ብሎ ተገርሟል።

ስለ አረንጓዴዋ ግን አንድ ቃል አልጻፉልኝም። ረስተዋት ነው ወይስ ፎቶዋ ጠፋ? ሌላ ቅጂ ልኬአለሁ። እዚህ አብዛኛው ሰው የወደደው እሷን ነው፤ ከላይዋ ያለው የነሐስ ጉልላት ሲወለወል ፊት ያሳያል። እውነቱን ልንገርዎና እኔም ልቤ ወደ እሷ ነው።

እናቴ አዳማ ናት፤ ደህና ናት። ስለ አያቴ የጠየቁኝን ግን ምን ብዬ ልመልስልዎ? እሱ ሲሞት እሷ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም። ልጅ ሆኜ አንዴ ብጠይቃት «ሰክሮ ቦይለሩን ውሃ አስጨረሰው፤ ራሱንም ባቡሩንም አቃጠለ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳትም። ሴት አያቴን በዚሁ ምክንያት ከእርሻው ቤት አስወጥተዋት እናቴን አዝላ አዳማ ገባች። ሰፈር ውስጥ እናቴን «የሰካራሙ ልጅ» ይሏት ነበር። ይህን ሥራ ስጀምርም ደስ አላላትም።

እርስዎ አብረውት ነበሩ። ጠጪ ነበር?

ሩሀማ


ጎባ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሀማ

ቸሩ አምላክ ይጠብቅሽ። ጉንፋን ይዞኝ ከረምኩ፤ መልሱ የዘገየው ለዚያ ነው። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ ዘንድሮ ከበረታም በርትቷል።

ፎቶው አልጠፋም። አለኝ።

አያትሽ ጠጪ አልነበረም። በዓል ሲሆን ይቀምሳል፤ ከዚያ አያልፍም። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት።

የአረንጓዴዋን ነጂ ቤት ከውስጥ አንስተሽ ላኪልኝ። ምድጃው፣ በላዩ ያለው የውሃ መለኪያ ብርጭቆ፣ የብርጭቆው መዝጊያዎች በደንብ ይታዩ። የምርጫውም ነገር አይቸኩል።

ገብረጻድቅ


ዌልስ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ገብረጻድቅ

ጤናዎን መልሶ ይስጥልኝ። የጠየቁኝን ፎቶ ይኸው። ብርጭቆው ተሰብሯል፤ መዝጊያዎቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ምርጫው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ተራዝሟል።

ያሉኝን ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እኔም እንደ እሷ እጠይቅዎታለሁ። ደብዳቤዎ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ይሰማኛል። አያቴ ይነዳት የነበረችው ባቡር አረንጓዴ ነበረች? ካላስቸገርኩዎ የሆነውን ይንገሩኝ። ክፉም ቢሆን።

ሩሀማ


ጎባ
መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሀማ

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ሰላምታዬን ላትቀበዪው ትችያለሽ። ቢሆንም ሰላም ለአንቺና ለእናትሽ ይሁን።

አዎ፣ አያትሽ የሚነዳት እንደዚያች ያለች ነበረች። የሠራት ፋብሪካ አንድ ሳይሆን አይቀርም፤ ጉልላቷም የነጂ ቤቷም ልክ ያው ነው።

እርሻው ላይ ቃጫ ከማሳ ወደ ማድረቂያ የሚያመላልሱ ሦስት ባቡሮች ነበሩ። ሀብተሚካኤል ነጂ፣ እኔ ረዳቱ። እሱ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ ሃያ ሁለት። ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፤ ቤቱ አስተኝቶ፣ ከሚስቱ ማዕድ አብልቶ ያኖረኝ እሱ ነው። እናትሽን በትከሻዬ ይዣት እዞር ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ለፋሲካ የእርሻው ባለቤት ከአዲስ አበባ እንግዶች ጋበዘ። እንግዶቹ ከሦስቱ ባቡሮች ያማረችውን ይመርጣሉ፣ የአሸናፊዋ ነጂና ረዳት ሙሉ ልብስ ይሸለማሉ ተባለ። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ልብስ ለብሼ አላውቅም ነበር።

የቆላው ውሃ ጨዋማ ነው፤ ድስት ውስጥ እንኳ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦይለሩ ይታጠባል፤ ወደ መለኪያው ብርጭቆ የሚወስዱት ቀዳዳዎችም በሽቦ ይጠረጋሉ። ካልተጠረጉ ይደፈናሉ፤ ሲደፈኑ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ውሃ ሳይወርድ ይቆማል። ቦይለሩ ባዶ እየሆነ ነጂው ሙሉ ይመስለዋል። መጥረጉ የእኔ ሥራ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ አልጠረግኩም። ከጠዋት እስከ ማታ ቀለም ስቀባ ዋልኩ። አረንጓዴውን ሁለት ጊዜ ደረብኩበት፤ ጉልላቱን በአመድና በሎሚ አሸሁት። ቦይለሩን ላጥብ ብል ዝገቱ የቀባሁትን ያበላሽብኛል ብዬ ተውኩት። አንድ ሳምንት ምን ይሆናል አልኩ። ሀብተሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መጥቶ ዞሮ አያት። ደስ አለው። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ብርጭቆውን ጠርገሃል?»

«ጠርጌአለሁ» አልኩት።

ሌላ ነጂ ቢሆን መዝጊያውን ከፍቶ ያረጋግጥ ነበር። እሱ ግን አመነኝ።

እሁድ አሸነፍን። ሀብተሚካኤል ለደስታችን ግማሽ ብርሌ ጠጅ ጠጣ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሙሉ ጭነት ይዘን ዳገቱን ስንወጣ እኔ ፍሬን ልይዝ ከኋላ ፉርጎ ላይ ነበርኩ። የምድጃው ጣሪያ ውሃ ርቆት ግሎ ኖሮ ተደረመሰ። እንፋሎቱና እሳቱ በምድጃው በር ነጂ ቤቱን ሞላው። ሮጬ ደረስኩ። አያትሽ ግን ከመውደቁ በፊት ፍሬኑን ይዟት ነበር። ፉርጎዎቹ ላይ አሥራ አንድ ሠራተኛ ነበርን፤ ባይዛት ኖሮ የእኔ የፉርጎ ፍሬን ብቻውን ስለማይችል ወደ ኋላ ተንሸራተን ገደል እንገባ ነበር። ሁለት ቀን ቆይቶ ሞተ። አልከሰሰኝም። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ አስቀምጦ መረመረን። «ቅዳሜ ታጥባለች?» አለኝ። «ታጥባለች» አልኩ። ፈረምኩ። ከዚያ አንዱ እሁድ ጠጅ ሲጠጣ አይተነዋል አለ፤ ወሬው በዚያው ተያዘ። የሽልማቱ ሙሉ ልብስ የመጣው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ነው፤ የእሱ ከነወረቀቱ ለአያትሽ ተሰጣት። እኔ የእኔን አልለበስኩትም።

አያትሽን ከቤት ሲያስወጧት ዕቃዋን እስከ አውራ ጎዳና የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። መኪናው እስኪመጣ ብዙ ሰዓት አብረን ቆምን። መናገር እችል ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ የታዘዝኩትን ጾምና ስግደት ከፈጸምኩ ብዙ ዓመት ሆነ። እናትሽን ግን ፊት ለፊት አላየኋትም። አዳማን ስንት ጊዜ በአውቶቡስ አልፌ ሄጃለሁ፤ አልወረድኩም። ይህን ለእሷ አንብቢላት። ከማንበብሽ በፊት ለፋናዬ ነግሬአታለሁ፤ እሷም ዛሬ ነው የሰማችው።

በደለኛው
ገብረጻድቅ


ጎባ
ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩሀማ

ፋናዬ ነኝ፣ የገብረጻድቅ ልጅ። ባንተዋወቅም ሰላም ላንቺና ለቤተሰብሽ እላለሁ። አባቴ መጻፌን አያውቅም። እንድትራሪለት ለመለመን አይደለም የጻፍኩት፤ እኔም የነገረኝ ቀን ሳላናግረው ነው ያደርኩት።

ደብዳቤው ደርሶሽ እንደሆነ ብቻ አሳውቂን። ፖስታ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ በዝናብ በእግሩ ይወርዳል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጎረቤታችን ባዳሳ «ጀባዱ፣ በርታ» እያለ ይደግፈዋል፤ ባዳሳ ምን እንደሆነ አልተነገረውም፣ የታመመ መስሎታል። አልደረሰም ከሆነ እኔ ደግሜ ልጻፈው። ደርሶሽ መመለስ ካልፈለግሽም መብትሽ ነው፤ እሱንም ንገሪኝ።

ፋናዬ


ዌልስ
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ገብረጻድቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሚያዝያ መጨረሻ ነው። ዝም ያልኩት ጠፍቶብኝ አይደለም። ብዙ መልስ ጽፌ ቀደድኩ። አያቴ እስክትሞት ድረስ ባሏን ትረግም ነበር። ያንን ነው ማለፍ ያቃተኝ። እርስዎ ዕቃዋን ተሸክመው አጠገቧ ቆመው ነበር።

ለእናቴ በስልክ ማንበብ አልፈለግኩም። ሰኔ ላይ ፈቃድ ወስጄ አዳማ ሄድኩና አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩላት። አሥራ አንድ ሰው ከሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። አላለቀሰችም። በማግስቱ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፦ «የጻፉትን ሰምቻለሁ። ወረቀት ግን አይበቃኝም። ሰካራም ያሉት በአደባባይ ነው። ይምጡና እኔን ብቻ ሳይሆን እናቴን በሚያውቋት ሰዎች ፊት በአፋቸው ይናገሩ።» ከዚህ ሌላ አልጨመረችም። ዕድሜዎን ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች።

ምርጫው አልቋል። አረንጓዴዋ አሸነፈች። እኔ የመረጥኩት ጥቁሯን ነው። አረንጓዴዋን የምቀባት ግን እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ብሩሽ ከማንሳቴ በፊት ቦይለሯ እንዲፈተሽ አለቃዬን ብጠይቀው ዞሮ አየኝና «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለ። ምን እንደነካኝ አልገባውም። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ለፋናዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ስላቆየኋት ይቅርታ።

ሩሀማ


ጎባ
ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሀማ

አዲሱን ዓመት የሰላም ያድርግልሽ። የዛሬው ወረቀቴ ረጅም ነው።

ክረምቱ መውጫው ላይ መንገዱ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። መስከረም 20 ከሮቤ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተነሳን፤ ፋናዬ ብቻህን አትሄድም ብላ አብራኝ መጣች። መንገዱን ሙሉ ስንዴው እሸት ነበር። አዳማ ስንደርስ መሽቶ ነበርና እናትሽ ዘንድ የሄድነው በማግስቱ ነው።

በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ግንባሯ የሀብተሚካኤል ነው። አልሳመችኝም፤ «ይግቡ» አለችኝ። ቤቱ ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከአያትሽ ጋር ዕድር የነበሩ አሮጊቶች፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ወንዶሰንም ከሮቤ ቀድሞን መጥቶ ነበር። ወንበር ሰጡኝ፤ ቆሜ ልናገር አልኩ። ተናገርኩ። የጻፍኩልሽን ሁሉ፣ ቅዳሜውን፣ ጥያቄውን፣ የሰጠሁትን መልስ፣ ፊርማዬን። መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ አዝነውልኝ ነው መሰለኝ «ይበቃል፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ይቀመጡ» አሉ።

እናትሽ «አላለፈም» አለች። «ይጨርሱ።»

ጨረስኩ። ፍሬኑን እንዴት እንደያዘ፣ አሥራ አንዳችን እንዴት እንደተረፍን ስናገር አንዷ አሮጊት ተነስተው እናትሽን አቀፏት። ከዚያ ሌላዋ። እኔን ማንም አልተናገረኝም፤ ማንም አላስወጣኝም። ምሳ ቀረበ። መብላት ስላልቻልኩ ዘነቡ ሳህኔን አንስታ በአጥሚት ለወጠችው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ እኛም ልንነሳ ስንል «ይቆዩ» አለች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ይቅር ትለኛለች ወይ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችኝ።

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። ስሙን ከማጥፋቴ በላይ ያደረግኩት ነገር ያኔ ነው የታየኝ። ሰውየውን ራሱን ወስጄባታለሁ። አፍረውበት ስለነበር ማንም ምንም አላወራላትም። እንዴት እንደሚሄድ አታውቅም። ግራኝ መሆኑን አታውቅም፤ እሷም ግራኝ ናት፤ ከማን እንደወሰደችው ስትገረም ኖራለች። አወራሁላት። ሲስቅ ድምፅ እንደማያወጣ፣ ትከሻው ብቻ እንደሚነቃነቅ። የባቡሩን ፊሽካ እሷ በሯ ላይ ስትቆም ሁለት ጊዜ አጭር አድርጎ እንደሚነፋላት። ሽሮ በሚጥሚጣ ካልሆነ እንደማይበላ። አንድ ቀን ሐዲዱ ላይ የተኛች ላም አልነሳም ብላው ወርዶ ሲለምናት፣ ሲለምናት ቆይቶ አጠገቧ ተቀምጦ ምሳውን እንደበላ። እዚህ ላይ ሳቀች። ድምፅ አላወጣችም፤ ትከሻዋ ብቻ ተነቃነቀ። ፋናዬም እኔም አየናት።

ስለ አረንጓዴዋ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ዓመት ሞላ። መልሱ ይኸው፤ ከሦስቱ ቆንጆዋ እሷ ናት። ያኔም ቆንጆ ነበረች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። በደንብ ቀቢያት።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ተነሳን። ዘነቡ እስከ በሩ ሸኘችን። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ፋናዬ ባጃጅ ልትጠራ ወደ መንገዱ ስትወጣ ብቻችንን ቆምን። እኔ ለመሰናበት ጎንበስ ስል እናትሽ ክንዴን ያዘችኝ።

«ለገና ይምጡ» አለች። «ገና አልጨረሱልኝም።»

እመጣለሁ አልኳት።

ያንቺው
ገብረጻድቅ